የአልዛይመሩን ኢንዛይም መዝጋት ከተሞከረ ቆየ እኮ፣ የጤና ገጻችሁ ያልነገረን እሱን ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ በስልክ ነው የማነበው፣ የጤና ገጹን ደግሞ መቼም አልዘለውም። ሰሞኑን ስለ አልዛይመር፣ ስለ መርሳት በሽታው፣ ያወጣችሁትን ግን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ባጭሩ ምን ይላል፣ አንጎል ውስጥ ቤስ-1 የሚባል መጥፎ ኢንዛይም አለ፣ አሚሎይድ ቤታ የሚባለውን ቆሻሻ የሚያመርተው እሱ ነው፣ ሳይንቲስቶች እሱን የሚዘጋ ኪኒን እየሰሩ ነው፣ ኪኒኑ ሲወጣ በሽታው አለቀለት። በቃ። ኢንዛይሙ መኖሩ እውነት፣ አሚሎይዱ ላይ እጁ እንዳለበትም እውነት። የቀረው ግን በጣም የቆየ ወሬ ነው፣ ኪኒኑ ተሰርቶ፣ በሺዎች ሰው ላይ ተሞክሮ፣ ተጥሏል እኮ! ያውም አንዳንዱን ሰው አባብሶ። ለምን እንደዛ እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ ጽሑፋችሁ አንድም ቦታ ላይ ያላነሳቸውን ፕሮቲኖች ማወቅ የግድ ነው፣ የነርቭ ሴልን ከነርቭ ሴል ጋር የሚያያይዙትን ማለቴ ነው።

ስለራሴ ትንሽ ልበል፣ ዶክተርም ፕሮፌሰርም አይደለሁም፣ የአንጎል በሽታ የሚጠናበት ላብ ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። ስራዬ ባብዛኛው የአይጥ አንጎል በረዶ አድርጎ ስስ ስስ አርጎ መቁረጥ፣ ቀለም መቀባት፣ ማይክሮስኮፕ ስር ማድረግ ነው። ውጤቱን የሚተነትኑት ሌሎች ናቸው፣ ግን ያንኑ ነገር ስታይ የምትውል ሰው ትንሽ ትንሽ ይገባታል መቼም። ከታች የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

የድሮውን ቶሎ ልለፈው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ ኦገስተ ዴተር የምትባል የ51 አመት ሴት ያክም ነበር፣ ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየና በ1906 ቱቢንገን ከተማ ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ከሴሎቹ ውጭ የተከማቸው ነገር ከምን እንደተሰራ ለማወቅ ግን እስከ 1984 ድረስ ፈጀ፣ ግሌነርና ዎንግ ናቸው ያኔ አሚሎይድ ቤታን ለይተው ያወጡት። በ1987 ደግሞ ይሄ ቁራጭ ኤፒፒ ከሚባል ትልቅ ፕሮቲን ላይ ተቆርጦ እንደሚወጣና የኤፒፒ ጂን 21ኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ ታወቀ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ያንን ክሮሞሶም ሶስት ስለሚይዙ ገና በ40ዎቹ እድሜያቸው አንጎላቸው ውስጥ ክምችቱ የሚታየው ለዛ ነው።

አሁን ወደ ኢንዛይሞቹ። ኤፒፒ የሴሉ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ነው የሚኖረው፣ አብዛኛው አካሉ ወደ ውጭ ጭራው ወደ ውስጥ። ቤስ-1 መጀመሪያ ከውጭ በኩል ይቆርጠዋል፣ የቀረውን ጉማጅ ጋማ ሴክሬቴዝ የሚባለው የአራት ፕሮቲኖች ስብስብ እዛው ሽፋኑ መሀል ላይ ይቆርጠዋል፣ ከሁለቱ መሀል የሚወጣው ነው አሚሎይድ ቤታ። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 40 ወይ 42 አሚኖ አሲድ ነው፣ ቶሎ እየተጣበቀ የሚያስቸግረው 42ቱ ነው። ሶስተኛ ኢንዛይም አለ፣ አዳም-10 ይባላል (ስሙን እኔ አላወጣሁለትም)፣ እሱ ኤፒፒን የሚቆርጠው አሚሎይድ ሊሆን የነበረውን ቦታ መሀሉን ስለሆነ እሱ ከቀደመ አሚሎይዱ አይፈጠርም። እና ዋናው ነገር ማን ቀደመ፣ የት ተገናኙ የሚለው ነው። ቤስ-1 አሲድ ያለበት ቦታ ነው የሚመቸው፣ ሴሉ ውስጥ ኢንዶዞም የሚባሉት ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ፣ አዳም-10 ደግሞ ባብዛኛው ሴሉ ገጽ ላይ ይሰራል። ደግሞ ልብ በሉ፣ አሚሎይድ ቤታ በናንተም በኔም አንጎል ውስጥ አሁን ይሄን ስታነቡ ራሱ እየተመረተ ነው፣ መመረቱ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ቤስ-1 በ1999 ሲገኝ፣ ሮበርት ቫሳርና ማርቲን ሲትሮን አምጀን ኩባንያ እያሉ ያወጡት ነው ቀድሞ የሚጠራው፣ በዛው ሰሞን ሌሎች ቡድኖችም ደርሰውበት ነበር፣ ሁሉም ሰው መድኃኒቱ እጃችን ገባ ነው ያለው። በ2001 ኢንዛይሙ ጭራሽ የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ፣ አሚሎይድ የላቸውም፣ ሲታዩም ጤነኛ ናቸው፣ አደጉ ተዋለዱ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ተባለ። ቀስ እያለ ግን ጉዱ መውጣት ጀመረ፣ በ2006 አይጦቹ የነርቭ ገመዳቸው ላይ የሚለበሰው ማይሊን ስስ እንደሆነ ታየ ምክንያቱም ቤስ-1 ኒውሬጉሊን-1 የሚባል ፕሮቲንም መቁረጥ ነበረበት፣ ከዛ አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታየ፣ ከዛ የነርቭ ክንዶቻቸው ቦታ እንደሚስቱ። በ2012 ሙኒክ ያለው የስቴፋን ሊሽተንታለር ቡድን የነርቭ ሴሎች የሚለቁትን ፕሮቲን አጣርቶ ሲያይ ቤስ-1 የሚቆርጣቸው ከ30 በላይ ፕሮቲኖች አገኘ። ኤፒፒ ከነዚህ አንዱ ብቻ ነው! ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ እነማን አሉ መሰላችሁ፣ ኤል-1፣ የሱ የቅርብ ዘመድ ሲኤችኤል-1፣ ኮንታክቲን-2፣ ማለትም ሴልን ከሴል የሚያያይዙ ፕሮቲኖች።

ሲኤችኤል-1 ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በአይኔ ያየሁት ስለሆነ። የነርቭ ሴል አክሰን የሚባል ረጅም ክንድ ይዘረጋል፣ ክንዱ ወዴት እንደሚሄድ ከሚመሩት ፕሮቲኖች አንዱ ሲኤችኤል-1 ነው፣ ግን ስራውን በትክክል እንዲሰራ ቤስ-1 በጊዜው ቆርጦ መልቀቅ አለበት፣ ካልተቆረጠ ክንዱ ሽፋን ላይ ተጠራቅሞ ይቀራል። አሁን የአይጥ አፍንጫ ውሰዱ፣ አንድ አይነት ሽታ የሚለዩ ሴሎች በሙሉ ክንዳቸውን ወደ አንጎል ፊት ለፊት ልከው አንድ ቦታ ነው የሚሰበሰቡት፣ ግሎሜሩለስ የሚባል ድብልብል ያለ ነገር ነው፣ በአረንጓዴ ቀለም ስትቀቢው ጠርዙ የተለየ፣ ጎረቤቱ ጥቁር ሆኖ እሱ ብቻ የሚያበራ። ቤስ-1 የሌለው አይጥ ላይ ያንኑ ቀለም ስትቀቢ አረንጓዴው ከድብልብሉ ይወጣና ወደ ጎረቤቱ ይገባል፣ አንዳንዱ ክር ሁለቱንም አልፎ ሄዶ የትም ቀርቷል። መጀመሪያ ቀለሙ የፈሰሰ ነው የሚመስለው፣ ደግመሽ ብትቆርጪውም ያው ነው። የተጻፈው ጥናትም እንደዛ ነው የሚለው፣ በ2011 የአፍንጫው፣ በ2012 ደግሞ የሂፖካምፐሱ ወጣ፣ ሂፖካምፐስ ማለት አዲስ ነገር የምንይዝበት፣ አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ። እና ቤስ-1 የሌለው አይጥ ላይ የታየው ስህተት ሲኤችኤል-1 የሌለው አይጥ ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። ኢንዛይሙ ሲጠፋ አጣባቂው ፕሮቲንም ስራ ፈታ ማለት ነው።

ይሄ እንግዲህ አንደኛው ወገን ነው፣ ኢንዛይሙ አጣባቂዎቹ ላይ የሚያደርገው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ወገን ነው፣ አጣባቂዎቹ ኢንዛይሞቹን ራሳቸውን ማዘዛቸው። ኢንዛይም ዝም ብሎ ያገኘውን ሁሉ የሚቆርጥ ይመስለናል፣ እንደዛ አይደለም፣ ከሚቆርጠው ፕሮቲን ጋር የሚያገናኘው ደላላ ያስፈልገዋል፣ ደላላው አንዳንዴ ያገናኛል አንዳንዴ ያራርቃል፣ አንዳንዴም ዋጋውን ይቀይራል። ለምሳሌ ኮንታክቲን-2። በ2008 ኔቸር ሴል ባዮሎጂ የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኮንታክቲን-2 (ያኔ ታግ-1 ነው የሚሉት) የኤፒፒን የውጭ አካል ሲይዘው ጋማ ሴክሬቴዝ የኤፒፒን ጭራ ቆርጦ ወደ ሴሉ ውስጥ እንዲለቀው እንደሚያደርግ አሳየ፣ የተለቀቀው ጭራ ደግሞ አዲስ የነርቭ ሴል መፈጠሩን ይቀንሳል። ማለት ጎረቤት ሴል ላይ ያለ ፕሮቲን እዚህኛው ሴል ውስጥ ያለ ኢንዛይም ምን እንደሚቆርጥ ይወስናል። ኮንታክቲን-2 ራሱ ደግሞ በቤስ-1 ይቆረጣል፣ በ2012ቱ ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ በ2014 በሌላ ጥናትም ታየ። አያችሁት አዙሪቱን? አንዱ ኢንዛይም ደላላውን ይቆርጠዋል፣ ደላላው ሌላኛውን ኢንዛይም ይነካካል፣ ሁሉም የሚዞሩት ኤፒፒ ዙሪያ ነው። ኤፒፒም ራሱ ንጹህ አይደለም፣ ሁለት ሴሎች ላይ ያሉ ኤፒፒዎች ተያይዘው ሴሎቹን ማጣበቅ ይችላሉ፣ ማለት እሱም አንድ አጣባቂ ነው።

ኤን-ካድሄሪን የሚባለው ደግሞ አለ፣ ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበት ቦታ፣ ሲናፕሱ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሆኖ በካልሲየም እርዳታ የሚያያዝ ነው። የጋማ ሴክሬቴዝ ዋናው ቆራጭ አካል ፕሬሰኒሊን ይባላል (በ1995 ሲገኝ በቤተሰብ የሚወረሰው ገና በጎልማሳነት የሚጀምር አልዛይመር ብዙ ጊዜ ከሱ ጂን ስህተት እንደሚመጣ ታወቀ፣ ኮሎምቢያ አንቲዮኪያ ውስጥ በ40ዎቹ እድሜያቸው የሚታመሙት ትልቁ ቤተሰብ በዚህ ነው የሚታወቁት)። ፕሬሰኒሊንና ኤን-ካድሄሪን አንድ ላይ ነው የሚገኙት፣ አዳም-10 የኤን-ካድሄሪንን የውጭ አካል ይቆርጣል፣ ቀሪውን ጋማ ሴክሬቴዝ ይቆርጣል፣ በትክክል እንደ ኤፒፒ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ታዲያ ሴሎች ኤን-ካድሄሪንን ይዘው ሲያያዙ የፕሬሰኒሊን ቅርጽ ራሱ ይቀየራል፣ የሚወጣው አሚሎይድ ጠቅላላ መጠኑ ይጨምራል ግን ክፉው የ42ቱ ድርሻ ከ40ው አንጻር ይቀንሳል። ይሄን ደግማችሁ አንብቡት እስቲ። ጨመረም ቀነሰም ነው መልሱ! እና ጋዜጣ ላይ አሚሎይድ ጨመረ መጥፎ፣ አሚሎይድ ቀነሰ ጥሩ ብሎ መጻፍ ምን ይሉታል? ይሄ እርግጥ ላብ ውስጥ ሳህን ላይ ባደጉ ሴሎች የታየ ነው፣ ሰው አንጎል ውስጥ ልክ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

በሽታው አንዴ ከጀመረ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ2015 ሲድኒ ያሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ኤንካም-2 የሚባለው አጣባቂ በአልዛይመር የሞቱ ሰዎች ሂፖካምፐስ ውስጥ ሲናፕሶቹ ላይ ቀንሶ ተገኘ፣ አሚሎይድ ቤታው ራሱ ነው ከሲናፕሱ ላይ የሚያላቅቀው፣ ሲናፕሱም አብሮ ይጠፋል። ሰው ስም የሚረሳው፣ መንገድ የሚጠፋበት፣ ክምችቱ በመብዛቱ ሳይሆን ይልቅ ሲናፕሱ በመጥፋቱ እንደሆነ ብዙ ሰው ይስማማበታል አሁን።

ወደ ኪኒኖቹ ልምጣ። መጀመሪያ የተሞከረው ጋማ ሴክሬቴዝን የሚዘጋው ነበር፣ ሴማጋሴስታት፣ የኢላይ ሊሊ ኩባንያ። ነሐሴ 2010 ላይ አቆሙት፣ የወሰዱት ሰዎች ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ኪኒን) ከወሰዱት ይልቅ እየባሰባቸው ሄደ፣ የቆዳ ካንሰርም በዛባቸው። ጋማ ሴክሬቴዝ ከ100 በላይ ፕሮቲኖች ነው የሚቆርጠው፣ ከነሱ ውስጥ ኖች የሚባለው የሴሎችን እድገት የሚቆጣጠር አለ፣ ኤን-ካድሄሪንም አለ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ስትዘጋ ምን ትጠብቃለህ? ከዛ ተራው የቤስ-1 ሆነ። የመርክ ቬሩቤሴስታት ሁለት ትልልቅ ሙከራ ነበረው፣ አንደኛው በሽታው የጀመራቸው ላይ በ2017 ቆመ፣ ሁለተኛው ገና ምልክት ብቻ ያላቸው 1454 ሰዎች ላይ በ2018 ቆመ። አስተውሉ፣ ኪኒኑ ስራውን አልሰራም አይደለም፣ ከጀርባ በመርፌ በሚቀዳው የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን አሚሎይድ ቤታ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶታል። የተባለውን በትክክል አድርጓል። ሰዎቹ ግን አልተሻላቸውም፣ በሁለተኛው ሙከራ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት እንዲያውም ባሰባቸው፣ መውደቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ክብደት መቀነስ ታየ፣ ጉድ የሚባለው ደግሞ የአንዳንዱ ሰው ጸጉር ቀለሙ ተቀየረ። የጸጉሩ ምክንያት የቤስ-1 ወንድም የሆነው ቤስ-2 ነው የሚባለው፣ ለቀለም የሚያስፈልግ ፕሮቲን የሚቆርጥ፣ ኪኒኑ ሁለቱን ስለማይለይ አብሮ ዘጋው። ከዛ በኋላ የጃንሰን አታቤሴስታት በጉበት ምክንያት፣ የአስትራዜኔካና የሊሊ ላናቤሴስታት፣ የኖቫርቲስ ኡሚቤሴስታት፣ የኤይሳይና የባዮጀን ኤሌንቤሴስታት፣ ሁሉም በ2018 እና በ2019 በተራ በተራ ተዘጉ። ጽሑፋችሁ ላይ ከነዚህ የአንዱ ስም እንኳ የለም።

ታዲያ የአጣባቂዎቹ ጉዳይ ነው ሰዎቹን ያባሰው ወይ ብትሉኝ፣ እሱ ብቻ ነው አልልም፣ ያ ተረጋግጧል የሚል ሰው ካለ ያጋንናል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ኩባንያዎቹ ሲከራከሩ የነበረው የአይጦቹ ችግር ከጽንስ ጀምሮ ኢንዛይሙ ስለሌላቸው ነው፣ ያደገ ሰው ላይ ግን አንጎሉ ተሰርቶ ስላለቀ ችግር የለውም በማለት ነበር። በ2018 የቫሳር ቡድን አይጦቹ ካደጉ በኋላ ነው ቤስ-1ን ያጠፋው፣ አፍንጫውና ሌላው ብዙው ነገር ደህና ሆነ፣ ሂፖካምፐስ ውስጥ ያሉት ክሮች ግን ተዛነፉ፣ ሲኤችኤል-1ም ሳይቆረጥ ቀረ። በዛው አመት ሌላ ቡድን ደግሞ ባደጉ አይጦች ላይ ቤስ-1ን ቀስ በቀስ ሲቀንስ የተከማቸው አሚሎይድ እንደሚጠፋ አሳየ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄም ትልቅ ውጤት ነው፣ ሁለቱንም ነው መያዝ። ሙኒክ ውስጥም እንዲሁ ኢንዛይሙን የሚዘጋ መድኃኒት ለአይጥ ሲሰጥ ሲናፕስ የሚቆምባቸው ትንንሽ እሾሆች ይቀንሳሉ፣ ያም ቤስ-1 ከሚቆርጠው ሴዝ-6 ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል።

ሁለተኛው ነገር አይስላንድ ነው፣ እኔ እንደውም ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። በ2012 ኔቸር ላይ ወጣ፣ አንዳንድ አይስላንዳውያን ኤፒፒያቸው ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል፣ ቤስ-1 የሚቆርጥበት ቦታ አጠገብ፣ በዚህ ምክንያት የአሚሎይድ ምርታቸው በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ እና ከአልዛይመር የተጠበቁ ናቸው፣ እርጅናቸውም ላይ አእምሯቸው ንቁ ነው። ኩባንያዎቹ ይሄን እንደ ማስረጃ ነበር የያዙት፣ ቤስ-1ን መዝጋት ይሰራል ብለው። ግን እዩት እስቲ፣ የእነዚህ ሰዎች ቤስ-1 ምንም አልሆነም። ሲኤችኤል-1ን ይቆርጣል፣ ኮንታክቲን-2ን ይቆርጣል፣ ኒውሬጉሊኑን ይቆርጣል፣ የሚቸገረው ኤፒፒ ላይ ብቻ ነው። ኪኒኑ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚዘጋው። ከአይስላንዱ ሰው ጋር የሚያመሳስለው የአሚሎይድ ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ሌላው ሌላ ነው። ይሄን አንድ አንቀጽ ብታስገቡት ኖሮ ጽሑፋችሁ ሙሉ ይሆን ነበር።

ለምን እንዲህ እንደተንጨረጨርኩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ላከችልኝና “አንቺ እዛው አይደለሽ፣ ይሄን የኢንዛይም መዝጊያ ላኪልና፣ እማዬ ጨርሳ ሳትረሳን” አለችኝ። እኔ ኪኒኑ የለም፣ ተጥሏል ብዬ ሳልጨርስ የጠርሙስ ፎቶ ላከች፣ እዛው ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ ተብሎ በብዙ ሺ ብር የገዛችው፣ ፊት ለፊቱ ላይ የአንጎል ኢንዛይም ብሎከር የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ጀርባውን ፎቶ አንሺልኝ አልኳት። እርድ፣ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ፣ ቫይታሚን ኢ። እርድ! አክስቴ ጓዳ ውስጥ በኪሎ ያለው። ከስር በጣም በቀጨጨ ፊደል ደግሞ ይሄ ምርት በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም ይላል፣ እዚህ አገር ሰፕልመንት የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ አይነት ነገር ከጻፈበት ህጉ ይሄን እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ሱቁ እሱን አላነበበላትም። እናንተም እንዲህ አይነት ኪኒን ሊወጣ ነው ብላችሁ ስትጽፉ ለዛ ሱቅ ማስታወቂያ ሰራችሁለት፣ ሳታስቡት ቢሆንም።

አክስቴን ግን ሐኪም ያያት ጀመር፣ ደግነቱ። ጆሮዋ አይሰማም ነበር፣ ግፊቷም ከፍ ብሎ ነው የቆየው፣ ቢ-12ም ታይሮይድም አልታየላትም ነበር፣ ሐኪሙ አሁን እያየላት ነው። ይሄን የምለው ከአልዛይመር ጋር የሚምታታ ወይም የሚያባብሰው መታከም የሚችል ነገር ስለሚኖር ነው፣ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 የዲሜንሺያ (አልዛይመርን የመሰለ የመርሳት ችግር) ተጋላጭነትን ይጨምራሉ፣ ሊቀየሩም ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች ውስጥ የመስማት ችግርና ከፍተኛ ግፊት ሁለቱም አሉበት። ለኢንዛይም መዝጊያ የሚወጣው ብር ለጆሮ መሳሪያ ቢውል በስንት ጣዕሙ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ለጽሑፉ ማስተካከያ አውጡለት፣ ትንሽም ብትሆን፣ የነዚያ ሙከራዎች ስምና አመት ይግባበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አይነት ዜና ከውጭ ሲመጣ አይጥ ላይ ነው ሰው ላይ፣ ሳህን ላይ ያደገ ሴል ነው ወይስ በሽተኛ፣ ኢንዛይሙ ሌላ ምን ይቆርጣል የሚለውን ጠይቁ፣ የሚመልስላችሁ ሰው አዲስ አበባም ውስጥ አይጠፋም፣ ኒውሮሎጂስት አለ ባዮኬሚስት አለ። ኪኒን በቅርቡ ይወጣል ብሎ መጻፍ ከፈለጋችሁም የወጣውን ጻፉት፣ ሌካኔማብ ሐምሌ 2023 እዚህ አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፣ ዶናኔማብ በ2024፣ ሁለቱም ኢንዛይሙን አይነኩም፣ የተመረተውን አሚሎይድ ይዘው የሚያጸዱ ፀረ-እንግዳ አካላት ናቸው፣ ፈቃድ ሲያገኙ በደም ስር የሚሰጡ የነበሩ፣ በሽታው ገና ሲጀምር ብቻ፣ በኤምአርአይ እየታዩ ምክንያቱም አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያመጡ ይችላሉ። ሌካኔማብ መጀመሪያ ሲወጣ የአመት ዋጋው 26,500 ዶላር ነበር፣ የሚያደርገውም መውረዱን ማዘግየት ነው፣ በ18 ወር ውስጥ በ27 በመቶ ገደማ፣ ማስቆም ወይም መመለስ አይደለም።

ኢንዛይሞቹም ላይ ተስፋ ተቆርጧል ማለቴ አይደለም። አሁን ብዙ የሚወራለት ጋማ ሴክሬቴዝን ሳይዘጉ የሚቆርጥበትን ቦታ ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው፣ ሞጁሌተር ይሏቸዋል፣ 42ቱ እንዲቀንስ አጫጭሮቹ እንዲበዙ፣ ኖችም ኤን-ካድሄሪንም እንደወትሮው ይቆረጣሉ። ኤን-ካድሄሪን ሳህን ላይ ያደረገውን አይነት ነገር ማለት ነው፣ በኪኒን። ቤስ-1ም ላይ ትንሽ ብቻ ቢቀነስስ፣ ገና ከጠዋቱ ቢጀመርስ የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ አንድ ውጤት ሲወጣ እናንተም ትጽፉታላችሁ እኔም አነባለሁ፣ ያን ቀን ግን እባካችሁ ሲኤችኤል-1 ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ